በቀን ሁለቴ፣ ከአንድ ወጭት፦ የጥንት አይሁድ ገበታ ምን ይመስል ነበር?

የመጨረሻው እራት ሥዕል በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተናል። ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጌታ መሃል ላይ ነው፤ ሐዋርያት በግራና በቀኝ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ውብ ነው። የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 13 ገልጠን ስናየው ግን አንድ ነገር አልገጥም ይላል። ወንጌሉ አንዱ ደቀ መዝሙር በኢየሱስ ደረት ላይ ተጠግቶ እንደነበር ይናገራል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እራት እየበላ በአጠገቡ ባለው ሰው ደረት ላይ እንዴት ይጠጋል?

መልሱ አጭር ነው። ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ጋደም ብለው ነበር የሚበሉት።

መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ስላደግን የአይሁድን ማዕድ የምናውቀው ይመስለናል። ሳናስበው ግን አንዴ የራሳችንን ሞሰብ፣ አንዴ የአውሮፓ ሠዓሊ የሣለልንን ጠረጴዛ እናስቀምጥበታለን። እስራኤል ያለ ዘመድ ደውሎ "እዚህ ሥጋና አይብ አንድ ላይ አይቀርብም" ሲለን ደግሞ አብርሃምም እንደዚያው ይበላ የነበረ ይመስለናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የአይሁድ ገበታ በሺህ ዓመታት ውስጥ ብዙ ተለውጧል። የተለወጠበት ምክንያት ሲገባን ወንጌሉም ኦሪቱም ይበልጥ ይገባናል።

"ጥንት" ስንል መቼ ነው?

ሰፊ ዘመን ነው። በግርድፉ ከንጉሥ ዳዊት ጊዜ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ፣ እስከ 200 ዓ.ም. ያለውን እንውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ስብራት አለ። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አቃጠሉት። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ገበታ አንድ አይደለም። ይህን ዓመት ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሁለት ቃላትም አሉ። ሚሽና በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአይሁድ መምህራን ሕግ ስብስብ ነው፤ በ200 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀረ። ታልሙድ በሚሽና ላይ የተደረገ ሰፊ ክርክርና ትንታኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ተሰባሰበ። በእኛ አነጋገር ሚሽና ንባቡ፣ ታልሙድ አንድምታው እንደ ማለት ነው።

በቀን ስንት ጊዜ ይበሉ ነበር?

ሁለት ጊዜ። ይህን ከየት እናውቃለን? ከድሆች ርዳታ ሕግ።

በከተሞች ለችግረኛ የሚሆን ሁለት ዓይነት ርዳታ ነበር። አንዱ "ታምሑይ" ይባላል፤ ከየቤቱ የተሰበሰበ ምግብ ነው፤ በየቀኑ ይታደላል። ሌላው "ቁፓ" ነው፤ በሳምንት አንዴ የሚከፈል የገንዘብ ድጎማ። ሚሽና እንዲህ ይደነግጋል፦ የሁለት ጊዜ ምግብ ያለው ሰው ከታምሑይ አይውሰድ፤ የ14 ጊዜ ምግብ ያለው ሰው ከቁፓ አይውሰድ። የቀኑ ርዳታ ሁለት፣ የሳምንቱ 14። 14ን ለሰባት ቀን ስናካፍል በቀን ሁለት ይመጣል። አንድ ሕዝብ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ለማወቅ የድሃውን ድርሻ ከመቁጠር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጠዋት ላይ ወደ እርሻ ከመውጣት በፊት ቁራሽ ቢቀመስም ገበታ ተዘርግቶ መብላት ግን አልተለመደም። እንዲያውም ነውር ነበር። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 10 መኳንንቷ በማለዳ የሚበሉባትን አገር "ወዮልሽ" ይላታል። በማለዳ ማዕድ የሚዘረጋ ሰው ሥራ የሌለው ሰው ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ገበታ ረፋዱ ላይ ወይም እኩለ ቀን ላይ ነው። ታልሙድ ሊቃውንት የሚበሉት በስድስት ሰዓት ነው ይላል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለነበር ስድስት ሰዓታቸው የእኛው ስድስት ሰዓት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ሰገነት ላይ ወጥቶ እዚያው የራበው ለዚህ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ዋናው ገበታ ግን የማታው ነው። ሰው ከእርሻ ይገባል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ትኩስ የተሠራ ነገር ይቀርባል።

"እንጀራ" ሲባል ምን ዓይነት እንጀራ ነው?

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "እንጀራ" ሲል ጤፍ በዓይናችን ይመጣል። በዕብራይስጥ ቃሉ "ሌሔም" ነው፤ የስንዴ ወይም የገብስ ዳቦ ወይም ቂጣ ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤት "ቤተልሔም" የምትባለው በዚሁ ቃል ነው። "የእንጀራ ቤት" ማለት ነው። ይኸው ሥር በዓረብኛ ሥጋ ማለት ሆኗል። ለአንዱ ሕዝብ ዋናው ምግብ እህል፣ ለሌላው ሥጋ ስለነበረ ቃሉ በዚያው የሄደ ይመስላል።

ገብስ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ስለዚህ የድሃ እህል ነው። በዮሐንስ ወንጌል ያ ብላቴና ይዞት የተገኘው አምስት እንጀራ የገብስ መሆኑ ተለይቶ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። የዘመኑ አንባቢ ያን ሲሰማ ልጁ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

እህሉ የሚፈጨው በቤት ውስጥ ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ፣ በሴቶች እጅ፣ በየቀኑ ለሰዓታት። አያቶቻችን ወፍጮ ላይ ተንበርክከው በመጅ ሲፈጩ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ለብድር መያዣ ወፍጮም ሆነ መጁን መውሰድ ይከለክላል፤ ወፍጮ መውሰድ ነፍስን መያዣ እንደ መውሰድ ነውና። ያለ ወፍጮ ቤተሰቡ ያን ቀን ጾሙን ያድራል።

ሊጡ የሚጋገረው "ታኑር" በሚባል የሸክላ ምድጃ ነው። ግንቡ እንደ ትልቅ እንስራ ነው፤ እሳቱ ከውስጥ ይነዳል፤ ሊጡ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ኦሪት ዘሌዋውያን የረሃብን ዘመን ሲገልጽ "አሥር ሴቶች በአንድ ምድጃ ይጋግራሉ" ይላል። በደጉ ጊዜ እያንዳንዷ ቤት የራሷን ታኑር ትሞላ ነበር። በክፉው ጊዜ የአሥር ቤት ሊጥ ተደምሮ አንዱን አይሞላም።

ከእንጀራው ሌላስ? ሚሽና አንድ ባል በሌላ ሰው በኩል ለሚስቱ ቀለብ ሲቆርጥ በሳምንት ማሟላት ያለበትን ይዘረዝራል፦ ሁለት ቃብ ስንዴ ወይም አራት ቃብ ገብስ፣ ግማሽ ቃብ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሎግ ዘይት፣ አንድ ቃብ የደረቀ በለስ። ቃብ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ መስፈሪያ ነው፤ ሎግ የቃብ ሩብ ነው። ይህ የድሃ ቤት ዝቅተኛው ቀለብ ነው። እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ በለስ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ተመልከቱ፦ ሥጋ የለም።

ማባያው እንደ አቅም ነው። ወይራ፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠል። ኤሳው ብኩርናውን የሸጠበት ቀይ ወጥ የምስር ወጥ ነበር። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ለሩት ምሳ ሲጋብዛት ቁራሿን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ ይነግራታል፤ ከዚያ የተቆላ እህል ያቀርብላታል። የዚህ የተቆላ እህል ስም በዕብራይስጥ "ቃሊ" ነው። ከእኛው "ቆላ" እና "ቆሎ" ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። ቦዔዝ ለሩት ያቀረበላት ቆሎ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ስለ ማርም አንድ ነገር ልጨምር። "ወተትና ማር የምታፈስስ ምድር" ሲባል ማሩ የተምር ብቻ ነው ሲሉ የቆዩ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በ2007 ግን በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ቴል ሬሖቭ በተባለ ቦታ፣ ወደ 3000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው፣ ከጭቃና ከገለባ የተሠሩ ቀፎዎች በረድፍ ተደርድረው ተገኙ። ቢያንስ የዚያ ከተማ ሰው ንብ ያረባ ነበር።

ሥጋስ መቼ ነበር የሚበላው?

ለበዓል፣ ለመሥዋዕት፣ ለክቡር እንግዳ። ከብት ሀብት ነው፤ ያርሳል፣ ይታለባል፣ ሱፍ ይሰጣል። ተነሥቶ የሚታረድ አይደለም። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባትየው ፍሪዳ ማረዱ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

እርዱም ተራ ነገር አይደለም። ደሙ መሬት ላይ መፍሰስ አለበት፤ ኦሪት ደም ነፍስ ነው ይላልና አይበላም። ማን አረደው፣ እንዴት አረደው የሚለው ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተብሎ ሥጋ ቤቱ ሳይቀር የሚለይበት አገር ልጆች ነን። ሥጋ የሰውን ማንነት እንዴት እንደሚናገር እናውቃለን።

የሚበላውና የማይበላው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተዘርዝሯል። እንስሳ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ መሆን አለበት፤ ሁለቱም። ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አያሟላም። እርያ ሰኮናው ተሰንጥቋል፣ ግን አያመሰኳም። ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ይኑረው። አንበጣም የተፈቀደ ዓይነት አለው። ዛሬ "ኮሸር" የሚባለው ቃል ይህን ሁሉ ይጠቀልላል፤ "የተገባ፣ የሚሆን" ማለት ነው።

እውነት ሁሉም ሰው ይህን ይጠብቅ ነበር?

አጥንት ይህን ይነግረናል። ቆፋሪዎች በየፍርስራሹ የተጣለውን አጥንት ይቆጥራሉ። በይሁዳ ደጋ በነበሩ መንደሮች የአሳማ አጥንት እምብዛም አይገኝም። በፍልስጥኤማውያን ከተሞች፣ ለምሳሌ በአስቀሎናና በአቃሮን፣ በብዛት ተገኝቷል። ጥቂት ሰዓት መንገድ የሚራራቁ ሰዎች፣ ሁለት የተለያየ ድስት።

ዓሣው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በይሁዳ ከባቢሎን ምርኮ በፊትም በኋላም ቅርፊት የሌለው ዓሣ ይበላ ነበር፤ አምባዛን የመሰለው ጭምር። በሮማውያን ዘመን ግን ይህ አጥንት ከአይሁድ ሰፈሮች እየጠፋ ይሄዳል። ከዚህ የምንረዳው ሕጉ ተጽፎ ስላለ ብቻ በአንድ ቀን የሁሉም ሰው ኑሮ እንዳልሆነ ነው። ቀስ በቀስ ከመጽሐፍ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

እንዴት ነበር የሚቀመጡት?

በጥንቱ ጊዜ መሬት ላይ፣ ምንጣፍ ወይም ቆዳ ላይ። ተጋድሞ መብላት በነቢዩ አሞጽ ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት፣ የሀብታም ቅንጦት ነበር። አሞጽ በዝሆን ጥርስ ባጌጠ አልጋ ላይ ተጋድመው ጠቦት የሚበሉትን ይገሥጻል።

ግሪኮችና ሮማውያን ከመጡ በኋላ ግን የግብዣ ወጉ ይኸው ሆነ። ሰው በግራ ክርኑ ተደግፎ ይጋደማል፤ በቀኝ እጁ ይበላል፤ እግሩ ከገበታው ወደ ውጭ ይዘረጋል። ይህን ስናውቅ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ያለው ታሪክ ይፈታልናል። አንዲት ሴት በስተኋላው በእግሩ አጠገብ ቆማ የኢየሱስን እግር በእንባዋ አራሰች። ከጠረጴዛ በታች አልገባችም። እግሩ በስተኋላ፣ እሷ በገባችበት በኩል ነበር። ዮሐንስም በጌታ ደረት የተጠጋው ከፊቱ ስለተጋደመ ነው፤ ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ቢያደርግ ደረቱ ላይ ያርፋል።

ሳህን ለየብቻ የለም። ወጭቱ አንድ ነው፤ ሁሉም ከዚያ ያጠቅሳል። "ከእኔ ጋር እጁን በወጭቱ ያጠለቀ" የሚለው ቃል ለእኛ ሰው ምን ያህል እንደሚመር አስቡት። አብሮ መብላት ቃል ኪዳን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ኢየሱስ ቁራሽ አጥቅሶ ለይሁዳ ሲሰጠው እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ጉርሻ ነው። ወጉ አንድ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በአንድ ወጭት ከሚበላ ሕዝብ የመጣ አንባቢ ያን ትዕይንት ማንም ሳያስረዳው ያዝንበታል።

ሲጀመር የቤቱ ጌታ እንጀራውን ይዞ ይባርካል፤ "እንጀራን ከምድር የምታወጣ" እያለ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ከዚያ ቆርሶ ያድላል። ወይኑ በውኃ ተበርዞ ይጠጣል። ከበሉ በኋላም ምስጋና አለ፤ ኦሪት "በልተህም ትጠግባለህ፣ ትባርካለህም" ስለሚል። ሦስት ሰዎች አብረው ከበሉ ምስጋናውን በአንድነት ማድረስ ግዴታቸው ነው።

እጅ መታጠብ ለምን ያን ያህል አከራከረ?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱ ባልታጠበ እጅ በሉ ብለው ይከሳሉ። ዛሬ ላይ ሆነን ስናነብ ነገሩ የጀርም ጉዳይ ይመስለናል። አይደለም።

በኦሪት መታጠብ የታዘዙት ካህናት ናቸው። ወደ መሠዊያው ከመቅረባቸው በፊት እጅና እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። ጉዳዩ ቆሻሻ ሳይሆን ንጽሕና ነው፤ በቅዱስ ነገር ፊት ለመቆም የሚያበቃ ሁኔታ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ጫማችን ስለቆሸሸ ብቻ አይደለም። እንደዚያ ነው።

ፈሪሳውያን የጠየቁት ትልቅ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ንጽሕና ለምን የካህናት ብቻ ይሆናል? ተራው ሰው በቤቱ፣ በተራ ቀን፣ ተራ እንጀራ ሲበላ ለምን እንደ ካህን አይሆንም? ከዚህ የተነሣ ገበታቸውን እንደ መሠዊያ ማየት ጀመሩ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ማጥበቅ ብቻ ያየዋል። እኔ ውስጡ ትልቅ አክብሮት አያለሁ፤ የገበሬውንና የሸማኔውን ጎጆ ቅዱስ ለማድረግ የተደረገ ሙከራ ነው።

ይህ ነገር ድንጋይ ላይ ምልክቱን ትቷል። በኦሪት የሸክላ ዕቃ ከረከሰ መሰበር አለበት። ድንጋይ ግን እርኩሰት አይዘውም ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ በአንደኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌምም በገሊላም ከኖራ ድንጋይ የተጠረበ ኩባያ፣ ሳህንና ጋን በየቤቱ ገባ። ዛሬ በብዙ የቁፋሮ ቦታ ይገኛል። በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ የነበሩት ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች እነዚህ ናቸው። ዮሐንስ ራሱ "አይሁድ እንደሚያደርጉት የማንጻት ልማድ" የተቀመጡ ናቸው ይላል። ውኃው ለመጠጥ አልነበረም፤ ለመታጠቢያ ነበር።

ሥጋና ወተትን መለየት ከየት መጣ?

"ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል።" ኦሪት ይህን ሦስት ጊዜ ይላል፤ በዘጸአት ሁለቴ፣ በዘዳግም አንዴ። ከዚህ በላይ አይልም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለሦስቱ እንግዶች ያቀረበው ቅቤ፣ ወተትና የታረደ ጥጃ ነበር፤ በአንድ ገበታ።

ታዲያ የሥጋውና የወተቱ ዕቃ የሚለይበት የዛሬው ድርብ ወጥ ቤት ከየት መጣ? ከመምህራኑ ነው። "ለኦሪት አጥር ሥሩላት" የሚል መርሕ ነበራቸው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ማሳ አስቡ። ልጆች እንዳይወድቁ አጥሩን የምታጥሩት ገደሉ ጫፍ ላይ አይደለም፤ ራቅ አድርጋችሁ ነው። የጠቦቱ ትእዛዝ ገደሉ ነው። አጥሩ ደግሞ ማንኛውም ሥጋ ከማንኛውም ወተት ጋር አይቀቀል፣ በአንድ ገበታም አይቅረብ የሚለው ነው። ሚሽና ይህን ሲደነግግ ዓሣንና አንበጣን ያወጣል።

ዶሮስ? እዚህ ላይ ተከራከሩ። ረቢ ዮሴ ዘገሊላ "በእናቱ ወተት ነው የተባለው፤ ወፍ የእናት ወተት የላትም" ብሎ ፈቀደ። ታልሙድ እንደሚለው በእርሱ አገር የወፍ ሥጋ በወተት ይበላ ነበር። ዶሮ ወጥ በአይብ ለሚወድ ሰው ይህ ረቢ ልቡን ይነካዋል። በመጨረሻ ግን የከለከሉት ወገኖች አሸነፉ፤ ዶሮም ከሥጋ ተቆጠረ። ሥጋ ከበሉ በኋላ ወተት ለመቅመስ ሰዓታት መጠበቅ ደግሞ ይበልጥ እየጠበቀ የመጣው ከዚያም በኋላ ነው።

ሰንበት ላይስ?

ሰንበት ሁለቱ ገበታ ሦስት ይሆናል። ድሃውም ጭምር፤ ሚሽና እንግዳ ድሃ ሰንበትን በከተማችሁ ካሳለፈ የሦስት ጊዜ ምግብ ስጡት ይላል።

ችግሩ እሳት ነው። ኦሪት በሰንበት ቀን በቤታችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። መምህራኑ ይህን "አዲስ እሳት አታቀጣጥሉ" ብለው ተረዱት። ከዓርብ የተጣደውን ግን በሙቀቱ ማቆየት ይቻላል አሉ። ሚሽና ድስት በምን ተሸፍኖ እንደሚቆይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፦ በልብስ ይቻላል፣ በእርግብ ላባ ይቻላል፣ በአናጢ ፍቅፋቂ ይቻላል። የሰንበት ትኩስ ምግብ ለእነርሱ ደስታ ነበር።

ቤተ እስራኤል ግን በኢትዮጵያ ሚሽናም ታልሙድም ሳይደርሳቸው በግዕዙ ኦሪት ኖሩ። ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። የሰንበቱ ምግብ ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ቀዝቅዞ ይበላል። ዳቦው ይጋገራል፣ ወደ ጸሎት ቤት ይወሰዳል፣ በቄሱ ተባርኮ ይቆረሳል። እነዚህ ሰዎች በ1984 እና በ1991 በብዛት እስራኤል ሲገቡ ሰንበት ላይ ትኩስ ድስት የሚያወጡ ወንድሞቻቸውን አገኙ። ሁለቱም አንዱን ጥቅስ ነው የጠበቁት።

ፋሲካ ለምን ቆመው በሉ፣ ለምን ተጋደሙ?

በዘጸአት ምዕራፍ 12 የመጀመሪያው ፋሲካ የመንገደኛ ምግብ ነው። ወገብ ታጥቆ፣ ጫማ ተጫምቶ፣ በትር ይዞ፣ በችኮላ። በጉ በእሳት ይጠበሳል፤ ጥሬውን አይበላም፣ አይቀቀልም፣ አጥንቱ አይሰበርም፣ ለነገም አይተርፍም። ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋር ይበላል።

ቤተ መቅደሱ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በየቡድኑ በግ ያርዳል። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ቡድኑ ከ10 ሰው አያንስም ይላል። ሚሽና በጉ በሮማን እንጨት ተሰክቶ ይጠበስ ይላል፤ ብረት ቢሆን ግለቱ ከውስጥ ያበስለዋል፣ መጠበስ ያለበት ደግሞ በእሳት ብቻ ነው።

ከዚያ 70 ዓ.ም. መጣ። ቤተ መቅደስ የለም፤ ስለዚህ መሥዋዕት የለም፤ ስለዚህ በግ የለም። ፋሲካ ያለ በግ ምን ይሆናል?

መልሱ ሚሽና ውስጥ ይገኛል። በረባን ገማልያል ስም እንዲህ ተጽፏል፦ በፋሲካ ሦስት ነገሮችን ያልተናገረ ግዴታውን አልተወጣም፦ በጉን፣ ቂጣውንና መራራውን ቅጠል። "ያልበላ" አይልም። "ያልተናገረ" ይላል። በጉ ከገበታ ወደ አንደበት ተሻገረ። ልጁ ይጠይቃል፦ "ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን ትለያለች?" በሌላው ሌሊት አንዴ እናጠቅሳለን፣ ዛሬ ሁለቴ። አባት እንደ ልጁ ዕውቀት ይመልሳል።

አቀማመጡም ተገለበጠ። መንገደኛው ጋደም አለ። ሚሽና በእስራኤል ያለ የመጨረሻው ድሃ እንኳ ሳይጋደም አይብላ፤ ከአራት ጽዋ ወይንም አይጉደልበት ይላል፤ "ከታምሑይ ቢሆንም እንኳ"። ታምሑይ በመጀመሪያ ያየነው የድሆች የዕለት ርዳታ ነው። በሮም ወግ የሚጋደመው ነፃ ሰው ነው፤ ባሪያ ቆሞ ያስተናግዳል። ቤተ መቅደሱን ባቃጠሉት ሰዎች አገዛዝ ሥር ሆኖ፣ የሰፈሩ ችግረኛ በርዳታ ወይን እንደ ነፃ ሰው እንዲጋደም ታዘዘ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በታልሙድ በኋላ የመጡ መምህራን እንዲህ አሉ፦ ቤተ መቅደሱ ቆሞ ሳለ ለሰው የሚያስተሰርይለት መሠዊያው ነበር፤ አሁን ግን ገበታው ነው። ያሉትም ገበታ ላይ ስለ መቆየት ሲናገሩ ነው። ገበታውን ቶሎ ያላነሣ ሰው፣ ምናልባት ድሃ ቢመጣ ያካፍለዋልና።

ከዚያ ገበታ ዛሬ ምን ይታያል?

ዓርብ ማታ በአንድ ሕግ ጠባቂ የአይሁድ ቤት ብትገቡ ከምግብ በፊት ሁለት ጆሮ ባለው ኩባያ እጅ ላይ ውኃ ይፈሳል፤ የካህናቱ መታጠብ ነው። እንጀራው ጨው ነክቶ ይቆረሳል፤ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 በመሠዊያው ላይ የሚቀርብ ቁርባን ሁሉ በጨው ይቀመማልና። በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ሳህኑ ላይ አንድ የተጠበሰ አጥንት ይቀመጣል፤ ስለ በጉ። ያን አጥንት ማንም አይበላውም። ልጆቹ ምንድን ነው ብለው እንዲጠይቁ ነው የተቀመጠው።